ትውልድ ስንቆጥር ስም እንዳያሳስተን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ በጌታችን ልደት ይፈታል። ልደት አልፎ ጥምቀት ሲከበር ደግሞ የሠርጉ ወቅት ነው። ሽማግሌ የተላከበት ቤት ሁሉ ከአሁኑ ድግሱን፣ ድንኳኑን፣ የሚዜውን ልብስ ያስባል። የካርዱ ቀለም ሳይቀር ይመከርበታል። አንድ ነገር ግን በብዙ ቤት እየተዘነጋ መጥቷል፤ እርሱም ትውልድ መቁጠር ነው።

ቢቆጠርም አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው አያት ቅድመ አያት ይጠራሩና ስም ከገጠመ «ዘመድ ናችሁ» ይባላል፤ ካልገጠመ «ባዕድ ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ተብሎ ይነሣል። ታዲያ ስም ብቻውን ይህን ያህል ሊታመን ይችላልን? በአንድ ደብር ብቻ ስንት ወልደ ማርያም፣ ስንት ወለተ ሚካኤል አለ? ስለዚህ በዚህ የጾም ወቅት ቅዱሳት መጻሕፍት ትውልድን እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎችንም እንዴት እንደሚለዩ አይተን ወደየቤታችን እንመለሳለን።

ለምን እንቆጥራለን?

አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሥጋ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት መጋባት አይፈቀድም። የክርስትና አባትነትና እናትነትም ዝምድና ነው። ሁለተኛው ጸሎት ነው። በጸሎተ ፍትሐትም ሆነ በተዝካር የሞተው ሰው የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። የአያቱን የክርስትና ስም የማያውቅ ሰው ካህኑ «ማን ልበል?» ሲሉት ምን ይመልሳል? ሦስተኛው ደግሞ ምስጋና ነው። እኛ እንድንኖር ስንት ሰው በረሀብና በወረርሽኝ መካከል ልጅ አሳድጎ አለፈ! ስማቸውን እንኳ አለማወቅ ለእኛ ተገቢ አይደለም።

እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። ከዚያ በላይ ምንዥላት፣ እንጅላት እየተባለ፣ አጠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ቁጥሩ እየተጠፈ 16፣ 32፣ 64 ይሆናል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደረስ 128 ነው። ሁሉም ሲደመር 254 ሰው ይሆናል። በልማድ ግን «ሰባት ቤት እቆጥራለሁ» የሚለው ሰው አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ 7 ስም ጠርቶ ያቆማል። ከ254 ውስጥ 7! የቀሩት 247 የት ገቡ? ከእነርሱ መካከል እናቶች በሙሉ አሉበት። ስማችን በአባት ስም ስለሚቀጥል የእናት ወገን ቶሎ ይጠፋል፤ ዝምድና የሚደበቀውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

አባቶቻችን ከእኛ የተሻለ ይቆጥሩ የነበረው በሌላም ምክንያት ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር። ርስት ፈላጊው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ፣ በአባትም በእናትም በኩል፣ በዳኛ ፊት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ተከራካሪው ወገን አንዲት ስም ስትዛነፍ ይይዘዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች የትውልድ ቃላቸውን እንደ ዳዊት ያጠኑት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ በርስት መጠየቅም ቀረ። ያ ሲቀር «ቁጠር» የሚል ዳኛ አልተገኘም። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት አሁን በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ ነው ነገሩ ለነገ የማይባለው።

ቅዱስ ማቴዎስ እንዴት ቆጠረ?

የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ቆጠራ ነው (ማቴ. 1፥1-17)። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ስናነብ «እገሌ እገሌን ወለደ» የሚለው ይሰለቸንና ዘለን ወደ ሰብአ ሰገል እንሄዳለን። ዘለን ያለፍነው ግን ትልቅ ትምህርት ነው። ወንጌላዊው ከአብርሃም እስከ ዳዊት፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ፣ ከምርኮ እስከ ክርስቶስ አሥራ አራት አሥራ አራት ትውልድ አድርጎ በሦስት ከፍሎታል።

በዚህ ቆጠራ ውስጥ ሦስት ነገር እናስተውል።

የመጀመሪያው፣ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አስገብቷል። በአባት ብቻ በሚቆጠርበት አገር እናቶችን ጠራ። ያውም ሰው ሊያፍርባቸው ይችላል የሚባሉትን! ረዓብ በኢያሪኮ ጋለሞታ የነበረች ናት፤ ሩት ሞዓባዊት ናት። አልሰረዛቸውም።

ሁለተኛው፣ አንዳንድ ስም ዘሏል። ኢዮራም ዖዝያንን እንደ ወለደ ይናገራል፤ በ1ኛ ዜና መዋዕል 3፥11-12 ግን በመካከላቸው አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ አሉ። ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ በዕብራውያን አነጋገር «ልጅ» ማለት የልጅ ልጅንም ዘርንም ይጨምራል። በእኛም እንዲሁ ነው። አንድ ሽማግሌ «እርሱ እኮ የራስ እገሌ ልጅ ነው» ሲሉ የልጅ ልጅ ልጃቸው ማለታቸው ሊሆን ይችላል። በወጣትነቱ የሞተ፣ ስም ያልወጣለት ሰው ከቆጠራው ይወድቃል። ስለዚህ «ልጅ» ሲባል «የወለዱት ልጅ ነው ወይስ የልጅ ልጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለዚያ አምስት ቤት የነበረው ሦስት ይሆንባችኋል።

ሦስተኛው፣ ያዕቆብ የሚባል ሁለት ጊዜ እናገኛለን። አንዱ የይስሐቅ ልጅ ነው፤ ሌላው ከምርኮ በኋላ የመጣው የማታን ልጅ ነው። ደግሞ ሁለቱም ዮሴፍ የሚባል ልጅ ነበራቸው! «ዮሴፍ የያዕቆብ ልጅ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ወደ ግብፅ የተሸጠውን ይሁን እመቤታችንን የጠበቀውን አረጋዊ ማን ያውቅለታል? ስምና የአባት ስም ሁለቱም ገጥመው ሰውየው ግን ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የአያት ስም ያስፈልጋል። አንዱ የይስሐቅ፣ ሌላው የማታን የልጅ ልጅ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ሰው

ሐዲስ ኪዳንን ስናነብ ማርያም የሚባሉ ብዙ ሴቶች እናገኛለን። ወንጌላውያኑ እንዴት እንደ ለዩአቸው ተመልከቱ። መግደላዊት በአገሯ ትለያለች። የቢታንያዋ ማርያም በመንደሯና በእኅቷ በማርታ፣ በወንድሟም በአልዓዛር ትታወቃለች። በመስቀሉ ሥር የነበረችው አንዷ በቀለዮጳ ተለይታለች (ዮሐ. 19፥25)። ሌላይቱ የያዕቆብና የዮሳ እናት ተብላ በልጆቿ ተጠርታለች (ማር. 15፥40)። ምእመናን በቤቷ ለጸሎት ይሰበሰቡ የነበረችው ማርያምም የዮሐንስ ማርቆስ እናት ተብላለች (ሐዋ. 12፥12)። አገር፣ መንደር፣ እኅትና ወንድም፣ ባል፣ ልጅ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጨመር ስሙ መታወቂያ ይሆናል።

ወንዶቹንም እንዲሁ ነው። ከሐዋርያት ሁለቱ ያዕቆብ ይባላሉ፤ አንዱ የዘብዴዎስ፣ አንዱ የእልፍዮስ ልጅ ነው። ሁለት ስምዖን አሉ፤ አንዱ ጴጥሮስ ተባለ፣ አንዱ ቀናተኛው ተባለ። ስምዖን ቁርበት ፋቂው ደግሞ በሥራው ታወቀ። ሁለት ይሁዳ ስለ ነበሩ ቅዱስ ዮሐንስ ስለ አንዱ ሲጽፍ የአስቆሮቱ አለመሆኑን ለይቶ አስታውቋል (ዮሐ. 14፥22)። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! እንዲህ ባይል ኖሮ የአንዱ በደል በሌላው ላይ ይወድቅ ነበር። ይህ በእኛም ቤት ይደርሳል፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት አያቶች ካሉ የአንዱ ዕዳ፣ የአንዱም ክፉ ስም ለሌላው ልጆች ይተርፋል።

ሄሮድስ የሚለውን ስም ደግሞ በዘመን እንለየዋለን። የቤተ ልሔም ሕፃናትን ያስፈጀው ታላቁ ሄሮድስ ነው። መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው ልጁ ሄሮድስ አንቲጳስ ነው። የዘብዴዎስን ልጅ ያዕቆብን በሰይፍ የገደለው የታላቁ ሄሮድስ የልጅ ልጅ ሄሮድስ አግሪጳ ነው (ሐዋ. 12)። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ ዘመኑን ብቻ ቢያይ ግን ይለየዋል።

በአገራችን ታሪክም ካሳ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነግሠዋል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ የተምቤኑ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በአክሱም ዘውድ ጫኑ። ስማቸው አንድ ሆኖ በአባት፣ በአገርና በዘመን ይለያያሉ። በነገራችን ላይ ስሙ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከልጅ ወይም ከዘመድ ሞት በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። በትውልዳችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ስታገኙ «ከእርሱ በፊት የሞተ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም የማያነሣው አንድ ሰው ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ስም፣ አንድ ሰው

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ቋጠሮ ነው። ከባዱ የሚመጣው ስሙ ሲለያይ ነው። ሌዊና ማቴዎስ አንድ ሰው ነው። ስምዖን፣ ኬፋና ጴጥሮስ አንድ ሰው ነው። ንጉሡ ዖዝያን በሌላ ቦታ ዓዛርያስ ይባላል። ይህን የማያውቅ አንባቢ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።

እኛም ዘንድ አንድ ሰው ስንት ስም አለው? እናት አባት ያወጡለት የዓለም ስም አለው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የተሰጣቸው የክርስትና ስም አለ። ሹም ወይም ጦረኛ ከነበረ የፈረስ ስም ነበረው፤ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እንደሚሉት። ከመነኰሰም ስሙ ይለወጣል። ዐፄ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ተፈሪ መኰንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የተጠሩት በክርስትና ስማቸው በኃይለ ሥላሴ ነው። የነገሥታቱን ታሪክ ጸሐፊ ጻፈው፤ የእኛን አያቶች ግን ማን ጻፈልን? አክስታችን «የሺመቤት» ትላለች፣ ቄሱ «ወለተ ጊዮርጊስ» ይላሉ፣ ጎረቤት «እማሆይ» ብቻ ይላል፤ ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ሴት ነው።

የአባት ስምም የሚለዋወጥበት ጊዜ አለ። አያቱ ቤት ያደገ ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል፤ አጎቱ ትምህርት ቤት ያስገባው በአጎቱ ስም ይመዘገባል። ጉዲፈቻ አለ፣ የእንጀራ አባት አለ። ቅዱስ ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ሲለው ቅዱስ ሉቃስ ኤሊ ያለው (ሉቃ. 3፥23) ለብዙዎች ጥያቄ ነበር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ዩልዮስ አፍሪካኖስ ያብራራውን አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ አቆይቶልናል። እንዲህ ነው፦ ማታን ከሰሎሞን ወገን ነው፤ ያዕቆብን ወልዶ ሞተ። ሚስቱ ከናታን ወገን የሆነ ሌላ ባል አገባችና ኤሊን ወለደች። ስለዚህ ያዕቆብና ኤሊ አባታቸው ቢለያይም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ኤሊ አግብቶ ሳይወልድ ሞተ፤ በኦሪት ሕግ (ዘዳ. 25፥5-6) መሠረት ያዕቆብ የወንድሙን ሚስት አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ሆነ። ሁለቱም ወንጌላውያን እውነት ተናገሩ! (ይህ ናታን የዳዊት ልጅ ነው እንጂ ነቢዩ ናታን አይደለም፤ እዚህም ስም እንዳያሳስተን።)

በመጽሐፈ ዕዝራ የተጻፈውም ያስፈራል። ከምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል አንዳንዶቹ የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው አጡ፤ ከክህነትም ተለዩ። ከእነርሱ የአንዱ ወገን አባት የገለዓዳዊው የቤርዜሊን ልጅ አግብቶ በሚስቱ ቤተ ሰብ ስም ይጠራ ነበር (ዕዝ. 2፥61-62)። ስሙ ተለወጠ፤ በመዝገብ ያለመገኘቱን ዋጋ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ልጆቹ ከፈሉ።

እንዲህ ቢሆንስ?

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወንድምና አንዲት እኅት በጥር ሊጋቡ ተጫጭተዋል እንበል። ቤተ ሰቦቻቸው ከአንድ ወረዳ ናቸው። ሲቆጠር የእርሷ እናት አባት አባት ወልደ ማርያም ይባላሉ፤ የእርሱም አባት እናት አባት ወልደ ማርያም ሆነው ተገኙ። የልጅቷ አጎት ብድግ አሉና «በቃ! ሦስት ቤት ነው፣ ሠርጉ ይቅር» አሉ። ልጅቷ አለቀሰች። እናቶች ተደናገጡ።

አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ግን «ቆይ፣ ቀስ በሉ» ብለው ጠየቁ። የማን ልጅ ናቸው? የእርሷ ወልደ ማርያም የተሰማ ልጅ፣ የእርሱ የእንግዳ ልጅ ሆኑ። ሥራቸው? አንደኛው መሪጌታ፣ ሌላው ገበሬ። መቼ ሞቱ? መሪጌታው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ አልፈዋል፤ ገበሬው ግን በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው ተመልሰዋል። የተቀበሩትም በሁለት ደብር ነው። ከዚያም አልፈው የሁለቱን አባቶች ቆጠሩ፤ ዝምድና የለም። ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁሉም እፎይ አለ።

ሽማግሌው ግን አልተነሡም። «የመሪጌታው ሚስትስ ማን ነበሩ?» አሉ። «ወለተ ጊዮርጊስ» ተባለ። በሙሽራው በኩል ይህ ስም የለም። የእናቱ እናት እናት የሺመቤት ናቸው። «የየሺመቤት የክርስትና ስም ማን ይባላል?» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ባልቴት አስታውሰው «ወለተ ጊዮርጊስ» አሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ወለተ ጊዮርጊስ ብዙ ነው። የአባታቸው ስም ተጠየቀ፤ አንድ ሆነ። የተወለዱበት መንደር ተጠየቀ፤ አንድ ሆነ። የመጀመሪያ ባላቸው? የኅዳር በሽታ የገደላቸው መሪጌታ! ባላቸው ሲሞቱ ወደ ማዶ ደብር ሄደው ሌላ አግብተው ወልደዋል። ልጆቻቸው በየአባታቸው ስም ስለ ተጠሩ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው በሦስት ትውልድ ጠፋ። ሙሽራውና ሙሽራዪቱ በአንዲት ቅድመ አያት የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው።

አያችሁ? ያስደነገጣቸው ስም ሁለት ሰው ሆነ፤ ማንም ያልጠረጠረው ሁለት ስም ደግሞ አንድ ሰው ሆነ። ስለዚህ ስም ሲገጥም አንደንግጥ፤ ስም ሲለያይም አንዘናጋ።

ነገሩ ያማል። ለሁለቱም ልብ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከንስሐ አባታቸው ጋር በኅዳር ቢመክሩበት ይሻላል ወይስ ልጅ ከተወለደ በኋላ በተዝካር ቤት ወሬ ቢሰሙት? በሌላ በኩል አጎትየው እንዳሉት በስም ብቻ ቢፈርስ፣ ምክንያቱ ሐሰት ይሆን ነበር። ሌላ ጥንዶችን ያለ በደላቸው በዚሁ መንገድ የለየን ስንት ነን? ያለ ማስረጃ ማፍረስም ያለ ማስረጃ ማጋባትም ሁለቱም አደገኛ ነው።

እንዴት እንጀምር?

አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡት። በየገጹም እነዚህን ጻፉ፦

1. የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ወይም የፈረስ ስም፣ ከመነኰሱም የምንኵስና ስም።

2. የአባትና የእናት ስም፤ ቢቻል የሁለቱም አያት። ነቢዩ ዘካርያስ የበራክዩ ልጅ፣ የአዶ ልጅ ተብሎ እንደ ተጻፈ (ዘካ. 1፥1)።

3. ያገቧቸው በሙሉ። በሞትም በፍችም የተለዩትን አትዝለሉ፤ ከእያንዳንዱ የተወለዱትን ለይታችሁ ጻፉ።

4. የተወለዱበት መንደር፣ የተጠመቁበትና የተቀበሩበት ደብር።

5. ሥራና ማዕረግ።

6. ዘመን። ሽማግሌ «በ19 ምናምን» ብሎ ላይነግራችሁ ይችላል፤ በታወቀ ነገር ጠይቁ። ከክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884) በፊት ነው በኋላ? ከዐድዋ (1888)፣ ከሰገሌ (1909)፣ ከኅዳር በሽታ (1911)፣ ከማይጨው (1928)፣ ጣሊያን ከወጣ (1933)፣ ከአብዮቱ (1966)፣ ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? ሁለት ተመሳሳይ ስሞችን ከምንም በላይ የሚለየው ይህ ነው።

7. ይህን ማን ነገረን? መቼ? ራሳቸው ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?

አንድ ዓይነት ስም ሲመጣ ወልደ ማርያም አንደኛ፣ ወልደ ማርያም ሁለተኛ እያላችሁ ለዩ። አንድ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ሁለት ገጽ ይሁኑ፤ ሁለት ገጽ አንድ ማድረግ ቀላል ነው፣ የተደባለቀውን መለየት ግን ከባድ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ የወደዳችሁትን መርጣችሁ አትሰርዙ።

ስትጠይቁም በአክብሮት ይሁን። አረጋዊን በአንድ ቀን በጥያቄ አታድክሙ። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ «እማማ፣ የእርስዎን እናት ማን ነበር የሚሏቸው?» ብላችሁ ጀምሩ። ሴቶችን በተለይ ጠይቁ፤ ማን ከማን እንደ ወለደ፣ ማንን ማን እንዳጠባ እነርሱ ያውቃሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የክርስትና ካርድ፣ የተዝካር ወረቀት፣ የመቃብር ጽሑፍ፣ በዳዊቱ ሽፋን ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ ይጠቅማል። መዝገብ ስታዩ ግን ፊደሉን አስተውሉ፤ ኃይለን «ሀይለ»፣ ሥላሴን «ስላሴ» ብሎ የጻፈ አለ። በፊደል ስለ ተለያየ ሌላ ሰው ነው አትበሉ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። በዚያ አገር ወረቀት የአባት ወይም የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም ይሆናል። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ከተመዘገበ ልጆቻቸው በወረቀት ባዕድ ይመስላሉ። ሌላው ቤተ ሰብ ደግሞ አያቱ ተመሳሳይ ስም ስለ ነበራቸው ብቻ ዘመድ ይመስላል። ልጆቻችሁ አድገው በአንድ ደብር አጥቢያ ሲተዋወቁ ማን ይነግራቸዋል? ደብተሩን እናንተ ጻፉላቸው።

ትዕቢትም እፍረትም አይግባብን

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ መጨረሻ በሌለው የትውልድ ታሪክ ከመጠመድና ከመከራከር እንድንርቅ አስጠንቅቋል (1ጢሞ. 1፥4፤ ቲቶ 3፥9)። ስለዚህ የምንቆጥረው «እኔ የእገሌ ዘር ነኝ» ብለን ለመታበይ አይደለም። ትውልድ ሲቆጥር ራስና ደጃዝማች ብቻ እየመረጠ የሚወጣ ሰው አለ፤ ከ254 ሰው አንዱን ደጃዝማች አግኝቶ 253ቱን ይረሳል።

ከዚህ የባሰው ግን መደበቅ ነው። በአንዳንድ ቤት አያት ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ስለ ነበሩ፣ ወይም ባሪያ ተብለው ስለ ተሸጡ፣ ስማቸው አይነሣም። ልጆች ሲጠይቁ «ተወው» ይባላሉ። ወንጌላዊው ረዓብንና ሩትን በጌታ ትውልድ ውስጥ ጽፎ እያነበብን እኛ የገዛ አያታችንን በምን ሥልጣን እንሰርዛለን? በእጃቸው ሠርተው ያሳደጉን ሰዎች እኮ ናቸው! ደግሞም የተሰረዘ አያት ባለበት ቤት ቆጠራው ውሸት ይሆናል፤ ዝምድናውም በዚያው ቀዳዳ ያመልጣል። አንድ ምስጢር ካለ ለንስሐ አባት ይነገር፣ በጥንቃቄም ይያዝ እንጂ በሐሰት ስም አይተካ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ! ጾሙ ሳይፈታ አንድ ሥራ እንሥራ። በዚህ ሳምንት ካሉን አረጋውያን ወደ አንዱ እንሂድ፤ ሩቅ ከሆኑም እንደውል። የአራቱን አያቶቻችንን የዓለምና የክርስትና ስም፣ የተቀበሩበትንም ደብር እንጻፍ። አራት ስም ብቻ ነው። ከዚያ ስምንቱን እንጠይቅ። የጻፍነውን የክርስትና ስም ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ካህኑ «ማን ልበል?» ቢሉን የምንመልሰው አይጠፋንም፤ በጥር ለሚጋቡት ልጆቻችንም በእውነት «ቆጥረናል» ልንላቸው እንችላለን።

የአባቶቻችንና የእናቶቻችን አምላክ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ያሉትን በዕድሜ በጤና ይጠብቅልን፤ የቀረውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለልደቱ በዓል ያድርሰን። አሜን።